አፀደ ሆቴል ስትመርጥ

ሰው የሆቴል ክፍል ሲገባ መጀመሪያ መጋረጃ ከፍቶ ውጭውን ያያል። አፀደ ግን መጋረጃው ቢከፈት ባይከፈት ግድ የላትም። በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ትገባና ጎንበስ ብላ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ያለውን ወለል ታያለች። ቀጥላ የአልጋውን ራስጌ ከላይ በጣቷ ትዳብሳለች። ከዚያ የውሃ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስታ ታገላብጠዋለች። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም። ፍርዱን ማወቅ የፈለገ ስትወጣ ፊቷን ማየት ይበቃዋል።

ይህን ዓይን በነፃ አላገኘችውም። ከናይሮቢ በስደተኝነት ኮሎምበስ በገባች በዓመቷ፣ መሃል ከተማ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ አንድ ትልቅ ሆቴል ተቀጥራ ለአሥራ ስምንት ዓመት አልጋ አንጥፋለች። በዚያ ደመወዝ ከባሏ ከአሥራት ጋር ጋሃና በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ ቤት ገዝታለች፣ ልጇን ናርዲን ፋርማሲስት አድርጋለች። ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በማርች 2020፣ ሆቴሉ ጭር ሲል ስልክ ተደወለላትና «ሥራ የለም፤ ለጊዜው ነው» ተባለች። ያ «ለጊዜው» ሁለት ዓመት አለፈው። ከጓደኞቿ ጥቂቶቹ ተመልሰው ተጠሩ፤ እሷ አልተጠራችም። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ኩራት ነው ካላችሁ ኩራት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሂሊያርድ አንድ መጋዘን ገብታ ካርቶን ማሸግ ጀመረች። ካርቶን ደግሞ ምን ዓይን ይፈልጋል!

በ2022 ጁን ወር ላይ ነው፤ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ናርዲ መኪናውን እየነዳች፣ «ማሚ፣ የቢሩክ ቤተሰቦች ለሽምግልና ሊመጡ ነው» አለቻት። ቢሩክ የልጅቷ እጮኛ ነው፤ ሥራው እዚሁ ኮሎምበስ ሲሆን እናቱ ዳላስ ነች። አባቱ የለም። እናቱ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ዓርብ ትገባለች፤ ቅዳሜ ልጅቷን ይጠይቃሉ፤ እሑድ ይመለሳሉ።

እንግዳ ሆቴል አሳድሮ የሚያውቅ ሰው በአፀደ ዘር የለም። የጋሃናው ቤት አራት መኝታ አለው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳሎኑም ሳይቀር ፍራሽ ይነጠፍበት ነበር። ዳሩ ግን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ በልጅቷ ቤት አያድርም። ሽማግሌ ቆሞ ለምኖ፣ እሺ ሲባል ነው የሚቀመጠው። ገና ሳይቀመጥ እንዴት ተብሎ ይተኛል? ስለዚህ ሆቴል የግድ ሆነ። ቢሩክም «መሃል ከተማ ጥሩ የተባለውን ምረጡልኝ» ብሎ ጉዳዩን ለእነሱ ተወው።

ናርዲ ቤት እንደደረሱ ስልኳን አወጣች። «ይሄ ፎር ፖይንት ሰቨን ነው ማሚ። ሩፍቶፕ አለው። ቡክ ላድርገው?»

«ነጥቡን ማን ነው የሰጠው?»

«የተኙበት ሰዎች።»

«የተኛ ሰው ምን ያውቃል?» አለች አፀደ። «ተኝቷል እኮ!»

በማግስቱ የአፀደ ዕረፍት ነበር። ናርዲም ፈቃድ ወስዳ እናትና ልጅ ሦስት ሆቴል ሊያዩ ወደ መሃል ከተማ ወረዱ።

እውነቱን ለመናገር አፀደ ሆቴል የምትመዝንበት ዋናው ሚዛን ራስጌውም ብርጭቆውም አይደለም። አንዲት ጥያቄ ናት። የምትጠይቀውም እንግዳ መቀበያው ላይ ፈገግ ብላ የቆመችውን ሳይሆን ኮሪደር ላይ ጋሪ የምትገፋውን ሴት ነው። «በቀን ስንት ክፍል ነው የሚሰጧችሁ?» በቃ። አንድ ክፍል በወጉ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አሥራ ሦስት ክፍል የተሰጣት ሴት ብርጭቆውን በሳሙና ታጥባለች። አሥራ ስድስት የተሰጣት ታለቀልቀዋለች። ከዚያ በላይ የተሰጣት ግን መስታወት በወለወለችበት ጨርቅ ጠረግ አድርጋው ትወጣለች። አፀደ አትፈርድባትም። በክፉ ቀን እሷም አድርጋዋለች፤ እግዜር ይቅር ይበላት እንጂ እንግዳው ጠጥቶበታል።

የመጀመሪያው ሆቴል ያ ባለ ሩፍቶፑ፣ ጣሪያው ላይ መዝናኛ ያለው ነው። ሎቢው የሙሽራ ፊት መስሏል። ክፍል ለማየት ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ሲወጡ ናርዲ በመስኮቱ አሻግራ ወንዙን እያየች «ዋው» ስትል አፀደ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥታ ኮሪደር ላይ አንዲት ጋሪ የምትገፋ የኔፓል ሴት ይዛ ቆማለች። ሁለቱም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባቡ። አሥራ ዘጠኝ። አፀደ የሴትዮዋን እጅ ጨብጣ በአማርኛ «እግዜር ያበርታሽ» ብላ መረቀቻትና ወደ ሊፍቱ ሄደች።

ሁለተኛው ድሮ ባንክ የነበረ ሕንፃ ነው። ጣሪያው ሩቅ፣ በሩ የነሐስ። ዓይን ይሞላል። ራስጌው ላይ ግን የአፀደ ጣት መንገድ ሠርቶ አለፈ። ጠየቀች፤ አሥራ ሰባት ተባለች። «አቧራው ራሱ ነግሮኝ ነበር» አለች ለልጇ።

«ማሚ፣ ኖ ዋን ቼክስ ዛት!»

«የማያይ ሰው አይተነፍስም እንዴ?»

የቀረው ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው የአፀደ የድሮ ሆቴል ነበር። ወደ መኪናቸው ተመልሰው ሲቀመጡ ናርዲ ሞተሩን አላስነሳችም።

«ማሚ፣ እዛ አንሂድ።»

«ለምን? የማውቀው ቤት ነው።»

«እሱ ነዋ። እዛ ያውቁሻል።»

አፀደ መጀመሪያ አልገባትም። ቢያውቋት ምን ክፋት አለው? ናርዲ አንገቷን ደፍታ ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ በአማርኛ ተናዘዘች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከቢሩክ እናት ጋር በቪዲዮ መጀመሪያ የተዋወቁ ዕለት፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠይቃት ነበር። አፀደ ከሥራ የተቀነሰችበት፣ ሌይኦፍ የተደረገችበት ሳምንት ነው። ናርዲ «ማሚ ሆቴል ማኔጅመንት ላይ ናት» አለች። ከዚያ ወዲህ ማንም መልሶ አልጠየቀም፤ እሷም አላረመችም። «ኢት ጀስት ኬም አውት፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ» አለች።

አፀደ አዘነች ቢባል አይበቃም፤ አመማት። ልጄ አፈረችብኝ ብላ አሰበች። ናርዲ ያደገችው እኮ በእነዚያ አልጋዎች ነው። የእያንዳንዱ ሴሚስተር ክፍያ ስንት አንሶላ እንደሆነ አፀደ ቁጭ ብላ ብታሰላ ታውቀዋለች፤ አስልታው ግን አታውቅም፤ ለልጅ የተደረገ አይሰላም። ደግሞ ልጇን ታውቃታለች። ያኔ እናቷ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ እጇን ስታይ የምትውልበት ሳምንት ነበር። ልጅቷ ያን ለባዕድ ሰው መናገር ጨነቃት፤ ክፋት አልነበራትም።

«ንጂ» አለቻት በመጨረሻ። «ወደ ቤት።»

ማታውን ለእናናዬ ደወለች። እናናዬ በዚያ ሆቴል አሥራ ሁለት ዓመት አብራት የሠራች ጓደኛዋ ናት፤ ተመልሰው ከተጠሩት አንዷ ናት። ሁለቱ አንድ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው የኖሩ ሴቶች ናቸው። አፀደ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ጊዜ እናናዬ የእሷን ክፍሎች ከራሷ ላይ ደርባ ሁለት ሳምንት ሠርታላታለች።

«አሁን ስንት ነው የሚሰጧችሁ?»

«አታምኚኝም፤ አሥራ ሦስት። አዲሷ ማኔጀር ራሷ ከሃውስኪፒንግ፣ ከአልጋ አንጣፊነት ነው የተነሳችው።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። በመሃል ከተማው ሁሉ ንጹሕ አልጋ ያለው እሷ ልትታይበት በማይገባት ቤት ሆነ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ደግሞ በቢሩክ በኩል አንዲት ነገር ብቻ ልካ ነበር፤ ወገቧን ስለሚያማት ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን ብላ። የሆቴሉን ፍራሾች አፀደ እያንዳንዳቸውን አገላብጣለች፤ የቱ ፎቅ የቱ እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። ብርጭቆው ባልታጠበበት ክፍል ወገቧን የሚያማት እንግዳ አስተኝታ የልጇን ውሸት ትሸፍን? ወይስ ንጹሕ አልጋ ሰጥታ ልጇን ታጋልጥ? ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ አለች፤ ከሁለቱም የባሰ መንገድ።

ጠዋት እንደገና ደወለች። «እናናዬ፣ እንግዶቼን እዚያ አሳርፋቸዋለሁ። አምስተኛ ፎቅ፣ ያንቺ ክፍሎች ላይ። እዚያ ፎቅ የምታውቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ብቻ እኔን ብታዪኝ... የማታውቂኝ ሁኚልኝ።»

ለምን እንደሆነም ነገረቻት።

«እሺ» አለች እናናዬ። «ማስክ አደርጋለሁ። ጭራሽ አታይኝም።»

ያቺ «እሺ» ከስድብ ትከፋ ነበር። አፀደ ስልኩን ዘግታ ረጅም ጊዜ ከወጥ ቤት አልወጣችም።

ሽምግልናው አማረ። ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ተገተሩ፤ አሥራት፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገረው አሥራት፣ ለወጉ ያህል እንኳ ሳያስለምን «እሺ፣ ተቀመጡ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቀጠን ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ወገቧን በእጇ ደገፍ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ቢሩክ እናቱ ዳላስ የራሷ ቢዝነስ እንዳላት ለናርዲ ነግሯት ነበርና አፀደ እንዲህ ያለችውን ነጋዴ ምን ብዬ አጫውታታለሁ ብላ ተጨንቃለች።

«ሆቴሉን የመረጡት እርስዎ ነዎት አሉ» አለቻት ወሰንየለሽ ምግብ ሲቀርብ።

«አዎ። ተመቸዎት?»

«አንሶላውን ያጠፈችው ሴት ሥራዋን ታውቃለች» አለች ወሰንየለሽ።

አፀደ የእናናዬ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ናርዲ ቀና ብላ አየቻት። አፀደ ስሙን ዋጠችውና «እንጀራ ልጨምርልዎ» አለች።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ከወጡ በኋላ እንግዶቹን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሸኘት ሆቴል ሄዱ። ቢሩክ ሽማግሌዎቹን መኪና ውስጥ ይዞ ታች ቆየ። ወሰንየለሽን ሻንጣ ሊያግዙ አፀደና ናርዲ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጡ። ሊፍቱ ሲከፈት ኮሪደሩ ላይ አንድ ጋሪ ቆሟል፤ ከጋሪው ኋላ ሰማያዊ ማስክ ያደረገች ሴት አለች። ዓይኗ ብቻ ይታያል። አፀደ ያንን ዓይን አሥራ ሁለት ዓመት ታውቀዋለች።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ማም» አለቻት እናናዬ፤ ጋሪዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ አሳለፈቻት።

አፀደም «ጉድ ሞርኒንግ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። ናርዲ መሬት መሬቱን እያየች አለፈች። በዚያች ቅጽበት አፀደ ራሷን ጠላች። ሌይኦፍ ስትደረግ እንኳ እንዲህ ትንሽ አልሆነችም።

የወሰንየለሽ በር ገርበብ ብሏል። አንኳኩተው ገቡ። አፀደ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች።

አልጋው ተገፏል። አንሶላዎቹ ተጠቅልለው እግርጌው ላይ ተቀምጠዋል። የአራቱም ትራሶች ልብስ ወልቆ በአንደኛው ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ አፉም ተቋጥሯል። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ነው። በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ፎጣዎቹ ገንዳው ውስጥ ተከምረው ይታያሉ። የቆሻሻው ላስቲክ ታስሮ በሩ ሥር ቆሟል።

ጨዋ እንግዳ አልጋውን አንጥፎ ይሄዳል። ደግ ያደረገ ይመስለዋል፤ ለሃውስኪፐሯ ግን የተነጠፈውን መልሶ መግፈፍ ሥራ ነው። አልጋ ገፎ የሚሄደው ያ ሥራ ወገቡን ያጎበጠው ሰው ብቻ ነው።

ወሰንየለሽ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። አፀደ አልጋውን ስታይ አየቻትና ትንሽ ደንገጥ ብላ «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች።

«ስንት ክፍል?» አለቻት አፀደ።

ወሰንየለሽ ናርዲን አየች፣ በሩን አየች፣ አፀደን አየች።

«አሥራ ስምንት። ቅዳሜና እሑድ ሃያ።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ አንድ። ወገቤ እምቢ እስኪለኝ።»

«ባት ቢሩክ ሴድ...» ብላ ጀመረች ናርዲ።

«ቢሩክ ያለውን አውቃለሁ ልጄ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ዝም አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ብዬ፤ እሱ ግን በየቀኑ ከበደኝ። ትናንት ምግብ ላይ እንኳ ስለ ቢዝነሴ እንዳትጠይቂኝ ስፈራ ነው የዋልኩት» አለች፤ የመጨረሻውን ወደ አፀደ ዞራ። «አንቺ ግን እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ?» አለች አፀደ። «እኔማ ማኔጀር ነኝ።» ሳቅ አመለጣት። «አሥራ ስምንት ዓመት። እዚሁ ሆቴል። ይሄንኑ ፎቅ።»

ወሰንየለሽ አንሶላ በሌለው ፍራሽ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ወገቧን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አፀደም አጠገቧ ተቀመጠች። ናርዲ ግን አልሳቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ «አይ አም ሶሪ፣ ማሚ» አለች። ከዚያ በአማርኛ ደገመችው፤ «ይቅርታ እማዬ። ባንቺ አፍሬ አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ። እኔ ግን የባሰ አድርጌያለሁ» አለች አፀደ፤ ተነስታም ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እናናዬ ሦስት በር አልፋ ነበር።

«እናናዬ!»

«የስ፣ ማም?»

«ተይኝ በእናትሽ። ነይ።» እጇን ይዛ ጎትታ አስገባቻትና ወሰንየለሽ ፊት አቆመቻት። «እናናዬ ትባላለች። ጓደኛዬ ናት፤ ስታመም ሥራዬን የሠራችልኝ። ትናንት ያመሰገንሽውን አንሶላ ያነጠፈችው እሷ ናት። እንዳታውቀኝ የነገርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።»

እናናዬ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። የተገፈፈውን አልጋ አየች፣ የተቋጠረውን ትራስ ልብስ፣ ገንዳ ውስጥ የተከመረውን ፎጣ፣ በሩ ሥር የታሰረውን ቆሻሻ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ተዋችሁልኝ?» አለች። ከንፈሯ ሳቅ ብሏል፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል። አፀደ አቅፋት ቆየች።

ከዚያ አፀደ የነጭ ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ ከጋሪው ላይ ንጹሕ አንሶላ አነሳች። ወሰንየለሽ ልታግዝ ስትነሳ «አንቺ ወንበሩ ላይ ሁኚ፤ ወገብሽን» አለቻት። አንደኛውን ጫፍ ለናርዲ ወረወረችላት። ናርዲ ማዕዘኑን አጣማ አጠፈችው፤ ሦስቱ ሴቶች በአንድ ድምፅ «እንደሱ አይደለም!» አሏት።

ቢሩክ ከታች ደወለ። «ምን ሆናችሁ ቆያችሁ? ሽማግሌዎቹ በረራ ያመልጠናል እያሉ ነው።»

ናርዲ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ አንሶላውን እየወጠረች፣ «ከእናቶቻችን ጋር አልጋ እያነጠፍኩ ነው» አለችው። «ነገረችሽ?» አለ ቢሩክ በዚያኛው በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናናዬ ከኪሷ የክፍሎቹን ዝርዝር አውጥታ አንዱን ቁጥር ሰረዘች። «አሥራ ሁለት ቀረኝ» አለች።